ሦስተኛው እንዳይመጣ

ባለፈው ወር እዚህ አምድ ላይ ስለ ፍሪጅ ስጽፍ፣ በወጣትነቴ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ አቶም ሳቀዘቅዝ እንደኖርኩ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ስለ ኮምፕረሰር የጻፍኩትን ሁለት ገጽ ማንም አላነሳውም። ደብዳቤው ሁሉ የመጣው ስለዚያች መስመር ነው። ይሁን፣ አልቀየምም። ከመጡት አራቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለበለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።

የመጀመሪያው ከደብረ ብርሃን ነው።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እዚህ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ለብርድ አዲስ አይደለንም። ክፍል ውስጥ ስለ ቦዝ–አይንስታይን ኮንደንሴት ሳነሳ አንድ ልጅ እጁን አወጣና ‹ቲቸር፣ ይህን ያህል ደክመው ካቀዘቀዙት ለምን በጥቂት ሰከንድ ይጠፋባቸዋል? ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሥጋ እንኳ ሳምንት ይቆያል› አለኝ። እኔም ‹ይሞቅባቸዋል› ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት የሚጠፋው ስለሚሞቅ ነው?»

መምህር፣ እንቅልፍ ቢነሳዎት አይገርመኝም። ጥያቄው ከባድ ነው። (ለሌላው አንባቢ፦ ኮንደንሴት ማለት እጅግ ከመቀዝቀዛቸው የተነሳ ሁሉም እንደ አንድ ሞገድ የሆኑ አቶሞች ደመና ነው።) እኔ ራሴ መልሱን በደንብ የገባኝ መሣሪያው ላይ ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። መልስዎ ግማሹ ልክ ነው፤ ትንሽ መሞቁ አይቀርም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ሙቀት አይደለም። የሚገድለው ትዳር ነው። ቆይ፣ አይሳቁብኝ፤ እደርስበታለሁ።

እኛ የምንሠራው በሩቢዲየም ነበር። ሩቢዲየም ለስላሳ፣ ብርማ ብረት ነው። 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ቢያስቀምጡት በጋም ክረምትም ጠጣር ነው። (እጅዎ ላይ ግን እንዳያስቀምጡት። እርጥበት ሲነካው ይነድዳል።) እንግዲህ ይህንን ብረት ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ወሰን፣ በላይ የአንድ ዲግሪ አስር ሚሊዮንኛ እስኪቀረው አቀዘቀዝነው እንበል። ምን መሆን ነበረበት? ድንጋይ። ብትን ያለ ጋዝ ሆኖ ተንሳፍፎ መቆየቱ ነው ጉዱ። ተፈጥሮ «ርጋ» እያለችው እሱ ገና አልሰማትም። እኛ የምንሠራው ትእዛዙ ከመድረሱ በፊት ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለልጁ እንዲህ ይበሉልኝ፦ ሥጋውን የሚያሰጋው መሞቅ ነው፣ የእኛን ጋዝ የሚያሰጋው መርጋት ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይረጋም? እዚህ ላይ ነው ትዳሩ የሚመጣው። ሁለት አቶሞች ተገናኝተው መጣበቅ ቢፈልጉ ሲጣበቁ ጉልበት ይለቀቃል። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሁለቱ ብቻቸውን ከሆኑ የሚወስድላቸው የለም። ስለዚህ ተጋጭተው፣ ሰላም ተባብለው፣ ተመልሰው ይለያያሉ። ለመጣበቅ ሦስተኛ አቶም ያስፈልጋል። እሱ ጉልበቱን ተሸክሞላቸው ይሄዳል። እኔ ሽማግሌ እለው ነበር። ያለ ሽማግሌ ጋብቻ የለም። ልዩነቱ እዚህ ቤት ሙሽሮቹም ሽማግሌውም በአንድ ላይ መባረራቸው ነው። የሚለቀቀው ጉልበት ከወጥመዳችን አቅም በእጅጉ ስለሚበልጥ ሦስቱም ተወርውረው ይወጣሉ። አንድ ጋብቻ፣ ሦስት አቶም ከሰርን።

አሁን ወደ አሠራሩ ልመለስ። አሟሟቱ ያለ አወላለዱ አይገባም።

መጀመሪያ ሌዘር ነው። በክፍል ሙቀት ያለ የሩቢዲየም አቶም በሰከንድ ወደ 300 ሜትር ይሮጣል። ፊት ለፊቱ ብርሃን እንልክበታለን። አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲመታው ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሚሊሜትር ያህል ይቀንሳል። እየተንከባለለ የሚመጣን አውቶቡስ በሽምብራ ፍሬ እየመቱ እንደማቆም ነው። ግን ሽምብራው አያልቅብንም። ሃምሳ ሺህ ያህል ፎቶን ይበቃል፤ አቶሙም አንዱን ፎቶን ተቀብሎ ለቅቆ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት የሚፈጅበት ጊዜ ኢምንት ነው። ለዚህ ጥበብ ስቲቨን ቹ፣ ክሎድ ኮኸን-ታኑጂ እና ዊሊያም ፊሊፕስ በ1997 ኖቤል ተሸልመዋል። የሚያደርሰው ግን የዲግሪ ሚሊዮንኛዎች ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ብርሃን እንቅፋት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፎቶን በራሱ ይገፋተራልና።

ስለዚህ መብራቱን ሁሉ እናጠፋለን። አቶሞቹን በጨለማ፣ በማግኔት ጎድጓዳ ውስጥ እንይዛቸዋለን። የቀረው ሥራ ቡና ነው።

የምሬን ነው። ስኒዎ ላይ የሚወጣው እንፋሎት ከውሃው መካከል ፈጣኖቹ፣ ጉልበተኞቹ ናቸው። እነሱ ሲሄዱ የቀሩት በአማካይ ይቀዘቅዛሉ። ከ100 ግራም ውሃ 1 ግራም ቢተንና ሙቀቱን ሁሉ ከቀረው ውሃ ቢወስድ፣ የቀረው ከ5 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው። በሬዲዮ ሞገድ የጎድጓዳውን አፍ እየቆረጥን ዝቅ እናደርገዋለን። ከፍ ብሎ የሚዘልለው አቶም አፉ ላይ ሲደርስ ይጣላል። የቀሩት እርስ በርስ እየተጋጩ ጉልበታቸውን ይከፋፈላሉ። እንደገና ዝቅ። እንደገና። አንድ ቢሊዮን ያህል አቶም ይዘን ጀምረን በጥቂት መቶ ሺህ እንጨርሳለን። ገበያ ላይ እንዲህ የሚከስር ነጋዴ ቢኖር ቤተሰቡ ያስቆመው ነበር።

አስተውለው ከሆነ ችግሩ እዚህች ጋ ነው ያለችው። ትነቱ የሚሠራው አቶሞቹ ሲጋጩ ነው። ካልተጋጩ ጉልበት አይከፋፈሉም፣ አይቀዘቅዙም። እንዲጋጩ ደግሞ መቀራረብ አለባቸው። ከተቀራረቡ ሦስተኛው ይመጣል። ቤተ ሙከራችን ውስጥ «ጥሩ ግጭት» እና «መጥፎ ግጭት» እንል ነበር። የሁለቱ ጥሩ ነው፣ የሦስቱ መጥፎ ነው። ጥግግቱን እጥፍ ቢያደርጉት አንድ አቶም የሚያገኘው ጥሩ ግጭት እጥፍ ይሆናል። የመጥፎው ዕድል ግን አራት እጥፍ። ስለዚህ በጣም መጠጋጋት አይቻልም፣ በጣም መራራቅም አይቻልም። መቸኮል አለብዎት፣ ግን እየተጋፉ አይደለም። የዚህ ሙያ ጥበብ በሙሉ ይህቺው ናት ብል ብዙ አላጋነንኩም። ጋዙ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሳሳው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። ኮንደንሴቱ ሲወለድ አቶሞቹ ግር ብለው የጎድጓዳው ወለል ላይ ይሰበሰባሉ። ጥግግቱ በአንዴ ይዘልላል። ማለትም የተሳካልዎት ቅጽበት ሞቱም የሚፋጠንበት ቅጽበት ነው። በሰኔ 1995 ኤሪክ ኮርኔል እና ካርል ዊማን ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩት ወደ 2,000 የሚሆኑ የሩቢዲየም አቶሞች ነበሩ፣ ከ170 ናኖኬልቪን በታች። (ኬልቪን ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር ዲግሪ ነው፣ ናኖ ደግሞ ቢሊዮንኛው።) ከ15 ሰከንድ በላይ ቆየላቸው። አስራ አምስት ሰከንድ ለእርስዎ ተማሪ ምንም ናት። ለእኛ ሰፊ ጊዜ ነው። በ15 ሰከንድ ብዙ ነገር ይደረጋል።

አንድ የምወደው ታሪክ አለኝ። በ1997 የቦልደሮቹ ሰዎች የአሟሟቱን ፍጥነት በጥንቃቄ ለኩ። አንዴ በኮንደንሴት፣ አንዴ በተራ ቀዝቃዛ ጋዝ። ጥግግቱ እኩል ቢሆን እንኳ ኮንደንሴቱ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው። ቲዎሪው ስድስት እጥፍ ይላል፣ ልኬቱም በስህተት ወሰኑ ውስጥ ከዚያ ጋር ገጠመ። ለምን? ተራው ጋዝ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አቶሞች ከቅዳሴ እንደሚወጣ ሕዝብ ናቸው፤ እዚህ ሦስት፣ እዚያ አራት ሆነው ይሰባሰባሉ። ኮንደንሴት ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ሞገድ ስለሆኑ እኩል ተዘርግተዋል፣ ጥጋጥግ የሚሰባሰብ የለም። ስለዚህ ሦስት ሆኖ የመገናኘት ዕድሉ ያንሳል። ያኔ ስሰማው አፌን ይዤ ቀረሁ። ውስጡን ማየት ስላልቻሉ እንዴት እንደሚሞት አይተው ውስጡን አወቁት።

ሌላም አለ፦ የፊዚክስ ሊቁ ቪታሊ ኢፊሞቭ በ1970 በወረቀት ላይ የተነበየው እንግዳ የሦስትዮሽ ጥምረት ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው መጣበቅ የማይችሉ ሦስት ሲሆኑ ይጣበቃሉ የሚል። በ2006 ኢንስብሩክ ላይ ምልክቱ ተገኘ። የተገኘውም የሲዚየም አቶሞች ከወጥመዱ በሚጠፉበት ፍጥነት ላይ ባለ አንድ ጉብታ ነው። ሌላው ሰው የሚያማርርበት ኪሳራ ለእነሱ ውጤት ሆነ።

አሁን የራሴን ልናገር፤ መምህር፣ «ይሞቅባቸዋል» ማለትዎ አያሳፍርም፣ እኔ ከዚያ የባሰ ተሳስቻለሁ።

ከትዳር ሌላ ሁለት ገዳዮች አሉ። አንዱ የተረፈ አየር ነው። አቶሞቹን የምንይዝበት ዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ከ10 ትሪሊዮን እጥፍ በላይ ያነሰ መሆን አለበት። እዚያ ለመድረስ የብረቱን ዕቃ ለቀናት እንጋግረዋለን። ድፎ ዳቦ በኮባ እንደሚጠቀለል፣ እኛ በማሞቂያ ሽቦና በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለን ብረቱ ውስጥ የተደበቀውን ውሃ እናስወጣለን። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀረው አንድ የአየር ሞለኪውል አቶማችንን ቢገጨው ጉዞ ነው። ሁለተኛው ገዳይ የባዘነ ብርሃን ነው። የሌዘራችን ቀለም ካመለጠ አንድ ፎቶን እንኳ አቶሙን ማግኔቱ ወደማይይዘው ሁኔታ ሊገለብጠው ይችላል።

አንድ ክረምት የእኛ ጋዝ ዕድሜ ከ40 ሰከንድ ወደ 6 ወረደ። ወጥመዱ ውስጥ፣ ገና ኮንደንሴት ሳይሆን። «አየር ገብቷል» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔ ነኝ የወሰንኩት። ሁለት ሳምንት በየመገጣጠሚያው ሂሊየም እየረጨሁ ቀዳዳ ፈለግኩ። የለም። ፓምፑን ጠረጠርኩ። ዕቃውን ከፍተን እንደገና እንጋግረው ብዬ ኃላፊዬን ለመንኩት። ያ ማለት የሁለት ወር ሥራ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ሰውዬው እምቢ አለ።

አንድ ሌሊት ብርዱ ስለጠናብኝ ጥቁር ሻርፕ ለብሼ ነበር፤ አቶሙን ለማቀዝቀዝ ሳይሆን ለሌዘሮቹ ሲባል ክፍሉ ሁሌም ቀዝቃዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ስል ሻርፑ ከአንገቴ ወርዶ በሌዘሩና በዕቃው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ወደቀ። አላነሳሁትም፣ ሰነፍኩ። የሚቀጥለው ቁጥር 38 ሰከንድ ሆኖ መጣ።

አነሳሁት፣ 6። መለስኩት፣ 38። ብቻዬን ሳቅኩ።

ብርሃኑን የሚዘጋው ቀጭን ስለት ነበር፤ ማጣበቂያው ላልቶ ከቦታው ፀጉር ታህል ዝንፍ ብሏል። «ተዘግቷል» ሲለን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቀለሙ 780 ናኖሜትር ስለሆነ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ሁለት ሳምንት በፊቱ ስመላለስ አላየሁትም። ኃላፊዬ ጠዋት መጥቶ ሲያይ «አዲስ መዝጊያ እስኪመጣ ሻርፑን እንዳትነኪው» አለኝ። ሁለት ወር እዚያው ተሰቅሎ ቆየ። እናቴ የላከችልኝ ሻርፕ ነበር። ምን ላይ እንደዋለ ለእሷ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከአውሮራ ነው፣ ከጎረቤቴ ማለት ይቻላል።

«እህቴ፣ እኔ ዴንቨር አካባቢ ታክሲ እነዳለሁ። በቀደም ወደ ቦልደር ያደረስኩት ሰውዬ በመስኮት እያሳየኝ ‹ከዩኒቨርስ ሁሉ ቀዝቃዛው ቦታ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ነው› አለኝ። ጉራ ነው ወይስ እውነት? ደግሞስ በምን ቴርሞሜትር ለኩት?»

ወንድሜ፣ ጉራም እውነትም ነው። ከከዋክብት ርቆ ያለው ባዶ ሕዋ 2.7 ኬልቪን ያህል ነው። ይህም ከመጀመሪያው ታላቅ ፍንዳታ የተረፈ ሙቀት ነው። ቡሜራንግ ኔቡላ የሚባል የጋዝ ደመና አለ፣ እሱ 1 ኬልቪን ያህል ይደርሳል። በተፈጥሮ ከታወቁት እሱ ነው የመጨረሻው። ከዚያ በታች ያለው በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ ቦልደሮች በ1995 የሠሩት ከኔቡላው ሚሊዮን ጊዜዎች የቀዘቀዘ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት ተሳፋሪህ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ተቀድመዋል። በ2021 የጀርመን ሳይንቲስቶች ብሬመን ከተማ ባለው፣ ዕቃ ከከፍታ በሚጣልበት ማማ ውስጥ ሙሉ መሣሪያውን እየጣሉ 38 ፒኮኬልቪን ደርሰዋል። ፒኮ ማለት የትሪሊዮንኛ ነው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ይህንኑ የሚሠራ መሣሪያ አለ። ምናልባት አሁን ቀዝቃዛው ቦታ ከጭንቅላትህ በላይ እየዞረ ነው።

ቴርሞሜትሩን በተመለከተ፣ የለም። ምንም ነገር አስገብተህ ብትነካው ያልቃል። የምናደርገው ይህ ነው። ወጥመዱን ድንገት እናጠፋዋለን። ደመናው ይወድቃል። በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ 2 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፣ እየወደቀም ይሰፋል። ያኔ አንድ ብልጭታ ብርሃን እንልክና ጥላውን ካሜራ ያነሳዋል። ጥላው ሰፊ ከሆነ አቶሞቹ ፈጣን ነበሩ ማለት ነው፣ ሞቃት። ጠባብ ከሆነ ቀዝቃዛ። በ100 ናኖኬልቪን አቶሙ በሰከንድ 5 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ጉንዳን ትቀድመዋለች።

ፎቶው ግን ይገድለዋል። ብልጭታው የበተነው አይመለስም። ያየኋቸው ኮንደንሴቶች በሙሉ፣ ባየኋቸው ቅጽበት የሌሉ ነበሩ። ከዚያ እንደገና ከዜሮ፦ ሌዘር፣ ማግኔት፣ ትነት፣ ብልጭታ። በእኛ መሣሪያ አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሌሊት ከሠራሁ 400 ያህል ይወለዳሉ፣ 400 ያህል ይሞታሉ። ስም ማውጣት አይቻልም።

እንዴት እንደሚታወቅ ካልክ፣ ተራው ጋዝ በፎቶው ላይ ክብ፣ ለስላሳ ጉብታ ነው። ትነቱን ትንሽ ስትገፋው መካከሉ ላይ ሹል ነገር ብቅ ይላል። ሌላው ዙሪያውን እንደቀሚስ ተዘርግቶ ይቀራል። ሹሉ እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ የካሜራው ብልሽት መስሎኝ መሣሪያውን አጠፋሁት። መልሼ ለማስነሳት ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ሦስተኛው አጭር ነው፣ ከአዲስ አበባ። አንድ አባት፦ «ልጄ ይህንን ላጥና እያለኝ ነው። ለመሆኑ ለእንጀራ ይሆናል ወይ?»

አባቴ፣ በቀጥታ ልንገርዎት። ኮንደንሴት ራሱ ቤንዚን አያረክስም። ቀዝቃዛ አቶሞች ግን የስበትን ጥቃቅን ለውጥ ይለካሉ፤ ከዚህም በመነሳት ከመሬት በታች ባዶ ቦታ አለ የለም የሚለውን የሚለዩ መሣሪያዎች እየተሠሩ ነው። የዓለምን ሰዓት የሚያስተካክሉትም በሌዘር የቀዘቀዙ አቶሞች ናቸው። ልጅዎ በመንገድ ላይ ሌዘር፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ቫኪዩም፣ ፕሮግራም መጻፍ ይማራል። እነዚህ እንጀራ ናቸው። የእኔ የሥራ ባልደረቦች ግማሹ ዛሬ ፊዚክስ ላይ አይደሉም፣ አንዳቸውም ግን ሥራ አልፈቱም።

ደግሞ ይህንን ያስቡበት። ሳትየንድራ ናት ቦዝ በ1924 ዳካ ሆኖ ስለ ብርሃን ቅንጣቶች አጭር ጽሑፍ ጻፈና በፖስታ ለአይንስታይን ላከው። አይንስታይን ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት። ሐሳቡንም ወደ አቶም አስፋፍቶ፣ በጣም ከቀዘቀዙ ወደ አንድ ሁኔታ ግር ብለው ይወርዳሉ አለ። በተግባር የታየው ከ71 ዓመት በኋላ ነው። የሁለቱም አባቶች «ለእንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ማን ይመልስላቸው ነበር? እኔ ግን ልጅዎን ፈጽሞ ፊዚክስ ያጥና አልልዎትም። ማታ መሥራት የማይችል ከሆነ ይቅርበት።

የመጨረሻው ከባሕር ዳር ነው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

«እትዬ፣ አቶሞቹ እያለቁ ከሆነ ለምን ከላይ እየጨመራችሁ አትሞሉትም? ጀበና ላይ ውሃ እንደሚጨመረው? ሌላ ደግሞ፣ እኛ ትምህርት ቤት ሌዘርም ቫኪዩምም የለም። ከዚህ ውስጥ በእጄ የምሞክረው አለ?»

የኔ ልጅ፣ ይህችን ጥያቄ ለእኔ ሳይሆን ለአምስተርዳሞች ብትልኪላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ያህል አብዛኞቻችን የምናፈላው አቦሉን ብቻ ነበር፤ ጠጥተን፣ ጀበናውን አጥበን፣ እንደገና ቆልተን። ቶና የለም። ምክንያቱም አዲስ አቶም ለማቀዝቀዝ ሌዘር ማብራት አለብሽ፣ ሌዘሩ ደግሞ የተሠራውን ኮንደንሴት ያፈርሰዋል። አንዱን ስታፈዪ ሌላው ይደፋል።

አምስተርዳም ላይ በስትሮንሺየም የሚሠሩ ሰዎች በ2022 ዘዴ አገኙለት። የማቀዝቀዣ ደረጃዎቹን በተለያየ ቦታ አስቀመጧቸው፤ አቶሙ እየተጓዘ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሸጋገራል። መጨረሻው ላይ ኮንደንሴቱ ያለበትን ጥግ በሌላ ሌዘር ጋረዱት። ይህ ሌዘር አቶሞቹ የሚወዱትን የብርሃን ቀለም ትንሽ ያዛውረዋል። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ብርሃን በላያቸው ላይ ሲያልፍ አያዩትም። ልክ እንደመጋረጃ። ዙሪያው ያለው ጋዝ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ጥጉ ይገባል፣ ጥጉ ውስጥ ያለው አይረበሽም። ሦስተኛው አሁንም ይመጣል፤ እየተጣበቁ አሁንም ይጠፋሉ። ግን የሚገባው ከሚወጣው ጋር እኩል ሆነ። ኮንደንሴቱ እስከፈለጉት ድረስ ቆየላቸው። ጽሑፉን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ፣ አልደብቅሽም። እኔ ያንን ሻርፕ ሰቅዬ 38 ሰከንድ ሳገኝ ዓለም የኔ መስላኝ ነበር።

በእጅሽ የምትሞክሪው አለ። ትነቱ። እኩል የሆኑ ሁለት ብርጭቆ ፈልጊ። እኩል ሙቅ ውሃ ሙይባቸው፣ 200 ግራም 200 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። አንዱን አፉን በፌስታል አጥብቀሽ ሸፍኚው፣ ሌላውን ክፍቱን ተይው። ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ተበደሪ፤ ፌስታሉ ላይ ለቴርሞሜትሩ ብቻ የምትበቃ ቀዳዳ አድርጊ። በየሁለት ደቂቃው ሁለቱንም ለግማሽ ሰዓት ያህል መዝግቢ። ከመጀመርሽ በፊትና ከጨረስሽ በኋላ ብርጭቆዎቹን መዝኛቸው፤ ሰፈር ያለው ወርቅ ሠሪ ሚዛን ካለው ይፈቅድልሻል፣ የእሱ ሚዛን የግራም ክፍልፋይ ይለያል። ክፍቱ ብርጭቆ ስንት ግራም እንደቀነሰና ከተሸፈነው በስንት ዲግሪ እንደበለጠ ሲቀዘቅዝ ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው። ከ200 ግራም 2 ግራም ቢተን፣ በትነቱ ብቻ ስንት ዲግሪ መውረድ እንዳለበት ከላይ ለመምህሩ ከጻፍኩት ማስላት ትችያለሽ። ያገኘሽው ልዩነት ከዚያ ካነሰ የቀረው ሙቀት ከየት እንደመጣ አስቢበት።

ቁጥሮቹን ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው ወር አወጣቸዋለሁ። ታናናሾችሽ ብርጭቆው ላይ እፍ እንዳይሉበት ግን ጠብቂ።